ከስሜ አጠገብ ያለው ቀይ ነጥብ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ልጄ ጫማ ገዝታልኝ መጣች። አመድማ፣ ሶሉ ላስቲክ፣ ማሰሪያ የሌለው። ልደቴ አይደለም። አልታመምኩም። ምን ፈልጋ ነው?

ገልብጬ አየሁት። የግራው ተረከዝ ላይ ሁለት ስፌት ዘሏል። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ስትቆጣጠር የኖረች ሴት ስጦታ ሲመጣላት አስቀድማ አታመሰግንም፣ ገልብጣ ታያለች። «እማ፣ ደግሞ ጀመርሽ!» አለችኝ።

ነገሩ ቆይቶ ወጣ። ክሊኒኩ ጀርባ ባለው አዳራሽ አቅም ላነሳቸው አዛውንቶች የቻይና እንቅስቃሴ ይሰጣል አሉ። ማክሰኞና ዓርብ፣ ጠዋት አራት ሰዓት። ዝግ ያለ ነው፣ አይከብድም፣ አስመዝግቤሻለሁ... አስመዝግቤሻለሁ! ማን ጠየቀሽ?

«ቻይና ምን በደልኳት?» አልኩ። ሳቀች። «እንዳትወድቂ ነው፣ እማ።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር ወጥ ቤት መውደቄን ከታች ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት ድምፁን ሰምታ ነግራታለች። ልጄ የምታውቀው ያንን አንዱን ነው። የመታጠቢያ ቤቱንና የደረጃውን አታውቅም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር እናት ሦስቴ ወደቀች ከተባለ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ጥቅምት 5

ሄድኩ። ካልሄድኩ «ፈራች» ይባላል።

አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ በሁለት ረድፍ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። መውደቅ ለሚፈሩ ሰዎች ሴራሚክ የመረጠው ማነው?

አስተማሪዋ ቀጭን ናት፣ አርባዎቹ ውስጥ ትሆናለች። ድሮ ነርስ ነበረች፤ አንድ ቻይናዊ ሐኪም ዘንድ ስትሠራ ተማረችው አሉ። አሉ ነው እንግዲህ። ከአፏ የማይጠፋው ቃል አንድ ነው፤ «ዝግ ብላችሁ... ዝግ...» ስሟን ነግራናለች፣ እኔ ግን ዝግታ ብያታለሁ።

ስምንት እንቅስቃሴ አለው። አንደኛው ሰማይን በሁለት እጅ መደገፍ። እስከዛሬ ማን ደግፎት ኖሯል? ሁለተኛው ቀስት መሳብ። አንዱ ደግሞ ጉጉት ወደ ኋላዋ ስታይ። እሱን ማንም ሳያሳየኝ ቻልኩት፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ኋላዬ እያየሁ ነው የኖርኩት። ጭንቅላት እያወዛወዙ ጭራ መነስነስ የሚባልም አለ። በሰባ አራት ዓመቴ ጭራሽን ነስንሺ ተባልኩ!

ከጎኔ ያለው ሰውዬ ጸጉር አስተካካይ ነበር። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ። እጁ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ በዚህ እጅ ነበር የሰው ጸጉር ሲቆርጡ የኖሩት?» አልኩት። «መንቀጥቀጡ የመጣው ሥራውን ከተውኩ በኋላ ነው እህቴ፤ ደንበኞቼ ዕድለኞች ናቸው» አለ።

መጨረሻ ላይ ዝግታ ደብተር አወጣች። ተራ በተራ በአንድ እግር እያቆመች በስልኳ ሰዓት ያዘች። የእኔን ስትጽፍ አንገቴን አሰገግኩ። በክንዷ ጋረደችው።

ለምን ትጋርዳለች?

ጥቅምት 10፣ እሁድ

አማቼ ብርቱካን ይዞ መጣ። ብርቱካኑን ላጥብ ሄጄ ስመለስ መኝታ ቤት ሜትር ዘርግቶ አልጋዬን ሲለካ ደረስኩበት። እጅ ከፍንጅ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አይ እማማ... እንዲያው... ስፋቱን ለማወቅ ያህል ነው።»

እንዲያው! ሰው እንዲያው ሜትር ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል? ጆሮው ቀላ። ብርቱካኑን ሳይበላ ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ጥቅምት 12

ዛሬ ዓይን ጨፍኖ መቆም ጀመርን። እግር ከፈት፣ ጉልበት ላላ፣ ክንድ ትልቅ ኳስ እንዳቀፈ ሰው፣ ከዚያ ዓይን ክድን። ዝግታ ስልኳ ላይ ሙዚቃ ትከፍታለች፣ ውሃ ውሃ የሚል።

ሁሉም ጨፈኑ። የመዝገብ ቤቷ እንኳ ጨፈነች። ይቺ ሴትዮ አርባ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት፤ የሰውን ሁሉ ፋይል አሁንም በአፏ ይዛ ትዞራለች። እኔ አልጨፈንኩም። አሥር ሰው ሲጨፍን አንድ ሰው ማየት አለበት።

ዝግታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እስኪያልቅ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ሌላ ሰው የለም? እኔ ላይ ብቻ ምን አስቆማት?

ጥቅምት 19

«እማማ፣ ለምንድነው ዓይንዎን የማይጨፍኑት?» አለችኝ ዝግታ፣ ቀስ ብላ፣ ሌላው እንዳይሰማ።

«ልማድ ነው» አልኳት።

ልማድ አይደለም። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔን ከደንኩ። ለደቂቃ፣ ከደቂቃም ያነሰ። የነቃሁት በጩኸቷ ነው። የፈላ ውሃ። ግራ ክንዷ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። እሷ «ትዝም አይለኝ» ትላለች። እኔን ግን ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያው ጩኸት ይቀሰቅሰኛል። ይሄን ለዝግታ ልነግራት ነው እንዴ? እሷም ደብተሯ ላይ ልትጽፈው?

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

አየሁት።

ዝግታ አንዷን ሴትዮ ኮት ስታለብስ ደብተሩ መስኮቱ ደፍ ላይ ተከፍቶ ቀረ። የእኔ ገጽ ነበር። ስሜ። የልጄ ስልክ ቁጥር። ከስሜ አጠገብ ቀይ ነጥብ። ከሥር የተጻፈውን ሳላነብ መጣች፣ ዘጋችው፣ ፈገግ አለችልኝ። ከአንገት በላይ።

ቀይ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አይነገረኝም። ኮሌታው የተጣመመ ሸሚዝ፣ እጅጌው የማይመጣጠን፣ ቁልፍ ቀዳዳው የተተረተረ... ክብ ቀይ ወረቀት አንስቼ ደረቱ ላይ እለጥፍ ነበር። ቀይ የተለጠፈበት ሸሚዝ ካውያ ጋ አይደርስም። ተመላሽ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል፣ ከዚያ በኋላ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በቀን ሦስት መቶ ሸሚዝ እያየሁ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስለጥፍ ኖሬ አሁን በተራዬ ተለጠፈብኝ።

የልጄ ስልክ። ቀይ ነጥብ። አልጋ የሚለካ አማች። ሦስቱን ለማገጣጠም ልብስ ሰፊ መሆን አያስፈልግም።

ጥቅምት 24

ልጄ ዛሬ ሦስት ጊዜ ደወለች። ሦስቱንም ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀችው «ቆመሻል ወይስ ተቀምጠሻል?» ነው። እንዲህ ያለ ሰላምታ ከየት መጣ?

«ተንጠልጥያለሁ» አልኳት በሦስተኛው።

ኅዳር 3

ሰባተኛው እንቅስቃሴ ቡጢ ጨብጦ ዓይንን አፍጦ ማየት ነው። ዝግታ አስቁማን «ሁላችሁም እማማን እዩ፣ እንዲህ ነው!» አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ እኮ እንቅስቃሴውን አልጀመርኩም ነበር። እሷን ነው ሳይ የነበረው።

ጸጉር አስተካካዩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ ዝግታ ደብተሯን ስታወጣ «የእኔን ገጽ ብትቀድጂው ይሻላል ልጄ፣ ያልተንቀጠቀጥኩበት መስመር የለም» አላት። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመን አወራን። ልጄ ልትወስደኝ ሳታስብ አትቀርም አልኩት። ለምን ለእሱ ነገርኩት? አፍ ካመለጠ... «ቤትሽን ትወጃለሽ?» አለኝ። ምን ማለት ነው? ቤቴ ነው።

ኅዳር 12

አወጣችው በመጨረሻ። «እማ፣ እኛ ጋ ብትሆኚ ምን አለበት?»

ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው።

የልጄ ቤት መጥፎ አይደለም። ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ይገባል፣ ልጆቹ ይወዱኛል። ግን እዚያ ስሄድ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነው የምቀመጠው። ብርጭቆ ላነሳ ስል «ተዪው እማ፣ እኔ አነሳዋለሁ»። ልቆም ስል ሁለት ሰው ብድግ ይላል። እዚህ መስኮቴን ስፈልግ እከፍታለሁ። ስፈልግ በር ቆልፌ ከሰው እጣላለሁ። ሽንኩርቴን በፈለግኩት ቢላዋ እከትፋለሁ። እዚያ ከሄድኩ የማትሄድ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ሆኖ መሞት አልፈልግም፣ ይኸው ጻፍኩት።

«አስቢበት» አለች።

«አንቺና ያቺ አስተማሪ አስባችሁ ጨርሳችሁ የለ!» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። አልካደችም። «ትነግረኛለች እንጂ ምንም...» ብላ አቆመች። ትነግራታለች! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ቀደድኩት።

ዓይን የምንጨፍንበት ሰዓት ነበር። የመዝገብ ቤቷ «ዞረብኝ» አለችና ዝግታ ሮጣ ከፊት ረድፍ ልትይዛት ሄደች። ሌላው ሁሉ ዓይኑን ከድኗል። ደብተሩ ከኋላዬ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ሙዚቃው ውሃ ውሃ ይላል። ሁለት እርምጃ። ቅጠሉን ከሥሩ ይዤ ቀስ አድርጌ ሳብኩት፤ ጨርቅ ድምፅ ሳያወጣ ሲቀደድ ነው ያረጀሁት። አጥፌ ጡቴ ሥር ከተትኩት። ተመልሼ ኳሴን አቀፍኩ።

እውነቱን ልጻፈው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀይ የተለጠፈበት ሸሚዝ በገዛ እጁ ነጥቡን ነቅሎ ወጣ። አሁን ለልጄ ምን ታሳያታለች?

ከሰዓት

አነበብኩት። ባላነበብኩት ኖሮ።

በአንድ እግር መቆም፦ ጥቅምት 5፣ ሦስት ሰከንድ። ጥቅምት 19፣ አምስት። ኅዳር 3፣ ዘጠኝ። ኅዳር 17፣ አሥራ አራት። በግማሽ ደቂቃ ከወንበር መነሣት፦ መጀመሪያ ስድስት፣ አሁን አሥር።

ከሥር በደቃቅ ጽሑፍ፦ «ቀይ - ዓይን አትጨፍንም። አጠገቧ ልቁም።» ይሄው ነው ቀዩ!

ከሥር ደግሞ፦ «ልጇ ደወለች። አልጋ ለክተናል አለችኝ። እስከ ታኅሣሥ 8 ታገሺኝ፣ ቁጥሩን አሳይሻለሁ ብያታለሁ። ይህች ሴት ቤቷ መኖር ትችላለች።»

ሦስቴ አነበብኩት። አራተኛ ጊዜ መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት። ብቸኛ ምስክሬን በገዛ እጄ ቀድጄ ጡቴ ሥር ይዤ መጣሁ...

ቅጠሉን ገለበጥኩት። በወዲያኛው ፊት የጸጉር አስተካካዩ ነው። የሱም ቁጥር አለ፣ እሱም ቀይ ነጥብ አለው። «ቢደወል» የሚለው መስመር ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ባዶ።

ኅዳር 24

ዝግታ ደብተሩን ገልጣ ቆየች። ደጋግማ ገለጠች። «ከዚህ ላይ አንድ ቅጠል ጠፍቷል» አለች። «የእማማና የጋሼ ነው። የሁለት ወር ቁጥር በልቤ አልያዝኩትም እኮ...» ወደ እኔ አላየችም። ሆን ብላ ይሆን ያላየችው?

የመዝገብ ቤቷ ለመናገር ትንፋሽ አልፈጀባትም። «እሱ ነዋ! የእኔን ቅደጂው ሲል ሁላችንም ሰምተን የለ?»

«ቀልድ እኮ ነው» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«ቀልዶ ቀልዶ የልቡን ይናገራል ሰው!»

እጁ ከወትሮው በላይ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ የሚንቀጠቀጠውን እጅ አየ። እጁ ሁሌም እንደሚንቀጠቀጥ በዚያች ሰዓት ሁሉም ረሳው። እሱ እኔን አየኝ። አንዴ ብቻ።

አፌን ያዝኩ።

ኅዳር 27

ወንበሩ ባዶ ነበር።

ታኅሣሥ 1

ዛሬም አልመጣም። «ራሱን ገለጠ» አለች የመዝገብ ቤቷ። ሰማይ ስንደግፍ ከጎኔ ያለው ቦታ ይታየኝ ነበር። ጉጉቱን ስንሠራ አንገቴን በዚያ በኩል ማዞር ከበደኝ።

ታኅሣሥ 3

ፈልጌ ሄድኩ። ድሮ የሱ የነበረው ጸጉር ቤት አሁን ስልክ መጠገኛ ሆኗል። እሱ ግን ቀኑን ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያሳልፈው አሉኝ። እውነትም እዚያው ነበር፣ ጢሙን ሳይላጭ። ጸጉር አስተካካይ፣ ሳይላጭ!

«መጣሽ?» አለኝ፣ እንደሚጠብቀኝ ሰው።

«ጋሼ፣ ለምን ቀሩ?»

«ሌባ የት ይሄዳል?» ሳቀ። ቀጥሎ ምን እንደምል ሳስብ ቀደመኝ። «አይቼሻለሁ እህቴ። ዓይኔን ከከደንኩ እወድቃለሁ፣ ስለዚህ የከደንኩ እመስላለሁ እንጂ በሽፋሽፍቴ ሥር አያለሁ። አንቺም አትከድኚም፣ እኔም አልከድንም። ስትቀድጂው እንዴት ያለ እጅ ነው ብዬ ተደነቅኩ። እንዲህ ያለ የማይንቀጠቀጥ እጅ!»

ምድር ብትከፈት በገባሁ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ከተጠረጠርሽ የሚወስድሽ አለ። እኔን ቢጠረጥሩኝ ማን ይወስደኛል?» ትከሻውን ነቀነቀ። «ቻይናውን እንደሁ ቤቴ እሠራዋለሁ። ሰማዩን ለብቻዬ ደግፌዋለሁ፣ አትስጊ።»

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ስጠረጥረው መጣሁ። ለምን ይሸከምልኛል? ምን ሊጠይቀኝ ነው? ነገ ምን ብሎ ይመጣል? ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ፤ ምንም አይጠይቀኝም። ምንም የማይጠይቅ ሰው እንዴት እንደሚጠረጠር አላውቅበትም።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ቅጠሉን አጥፌ ኪሴ ይዤ ሄድኩ። ዘዴ ነበረኝ። ማንም ሳያይ ደብተሩ ውስጥ ሸጎጥ። «ውይ፣ እዚሁ ነበር ለካ!» ይባላል። ልጄ ቁጥሩን ታያለች። እኔ ቤቴ። ጸጉር አስተካካዩስ? አንድ ቀን ይረሱለታል...

መስኮቱ ጋ ደረስኩ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። የመዝገብ ቤቷ ከኋላዬ ለሌላዋ «እንዲያ ያለ ሰው ድሮም ሱቁ ውስጥ ስንቱን ሰርቆ ይሆን» ስትል ሰማሁ። ድሮም! ከአንድ ወረቀት ተነስታ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሌባ አደረገችው። ገና አሥር ቀኑ እኮ ነው።

እጄ ከኪሴ አልወጣ አለ።

ታኅሣሥ 6

ሁለቱን ጎን እያየሁ ነው የዋልኩት። ከተናገርኩ ልጄ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ወደቀች፣ አሁን ደግሞ ወረቀት ሰርቃ ጡቷ ሥር ደበቀች፣ ጭንቅላቷም መልቀቅ ጀምሯል። አልጋው ተለክቷል። ሻንጣ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። ዝም ካልኩ ቤቴ እቀራለሁ። እዚህ ቤቴ፣ እዚህ መስኮቴ ጋ፣ ያንን ያልተላጨ ጢም ሳይ እኖራለሁ።

ታኅሣሥ 7

ጸጉር አስተካካዩ ጋ ሄድኩ። «ነገ ይምጡ» አልኩት። «ምን አለ ነገ?» አለ። «ይላጩና ይምጡ» ብዬው ሄድኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ልጄና አማቼ አራት ሰዓት ሳይሞላ መጥተው ኋላ ተቀመጡ። ጸጉር አስተካካዩ ተላጭቶ መጣ፤ አገጩ ላይ ሦስት ቦታ ቆርጦታል። የመዝገብ ቤቷ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ይቺን ቦርሳ አየኋትና ቆምኩ።

«ቅጠሉን የቀደድኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ከኪሴ አወጣሁት፣ ለዝግታ ሰጠኋት። እጥፋቱን እያለሳለሰች ደረቷ ላይ ይዛ ቆየች።

«እማ፣ ሰረቅሽ?» አለች ልጄ።

«ሰረቅኩ። እኔን ልታስወስደኝ የምትጽፍ መስሎኝ ነበር። እሳቸው አይተው ዝም አሉ፣ እኔ እሳቸው ሌባ ሲባሉ ዝም አልኩ።» ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። «ሦስቴ ነው የወደቅኩት፣ አንዴ አይደለም። መታጠቢያ ቤትም፣ ደረጃ ላይም። በቃ፣ ሻንጣውን አምጪው።»

ልጄ ግንባሯን ያዘች። አማቼ ወለሉን አየ።

«እኔ እንኳ» አለ ጸጉር አስተካካዩ፣ «በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ሌባ ስባል ወጣትነት ተሰምቶኝ ነበር። አሁን መልሳችሁ አስረጃችሁኝ።» አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለ። የመዝገብ ቤቷ ተነስታ «ይቅር በሉኝ ጋሼ» አለችው። ቦርሳዋን ግን አልለቀቀችም።

ዝግታ አልተቆጣችኝም። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቁጥሩን ለልጄ አነበበችላት፤ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት። «የዛሬውን ደግሞ እራስሽ ያዢ» ብላ ስልኳን ሰጠቻት። በአንድ እግር ቆምኩ። አሥራ ዘጠኝ። ክንዴን እያወናጨፍኩ ቢሆንም፣ አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ ነው።

«አሁን በሁለት እግር፣ ዓይን ተከድኖ» አለች ዝግታ። «እስከዛሬ ያልያዝነው ቁጥር ይሄ ብቻ ነው።»

ቆምኩ። ኳሴን አቀፍኩ። አልከደን አለኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እኔም ሰውን ሁሉ አያለሁ። ልጄ ከወንበሯ ተነስታ ፊቴ መጥታ ቆመች። ቅርብ፣ ትንፋሿ እስኪሰማኝ።

«ጨፍኚ እማ» አለች። «እኔ አያለሁ።»

ጨፈንኩ።

ጨለማው ውስጥ ማንም አልጮኸም። ተወዛወዝኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ተወዛወዝኩ። ስገልጥ ልጄ ስልኩን ይዛ ታለቅስ ነበር፣ ሰዓቱንም ማቆም ረስታዋለች። ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ታኅሣሥ 9

«እስከ ሚያዝያ እንይ» አለችኝ ልጄ በስልክ። «ግን አንድ ነገር። ስትወድቂ ንገሪኝ። ከፋርማሲስቷ ሳይሆን ካንቺ ልስማ።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ያቅታል? ወድቄ ልንገራት? እሷ ደግሞ ሰምታ ዝም ልትል? ማን ሞኝ አለ።

ታኅሣሥ 22

አዳራሹ ላይ ጸጉር አስተካካዩ ከጎኔ ነው። ዝግታ ከሁለታችን መሐል ትቆማለች። «ሁለቱን ዓይነ ክፍቶች እኔ ነኝ የምጠብቃቸው» ትላለች። እኔ አሁን አንዳንዴ እከድናለሁ። እሱ ይጠብቀኛል። ሳልገልጥ «ምን እየተደረገ ነው?» እለዋለሁ። «የመዝገብ ቤቷ እየተወዛወዘች ነው» ይለኛል በሹክሹክታ።

ባዶው መስመር ላይ የእኔን ስልክ ቁጥር እንድትጽፍ ለዝግታ ነገርኳት። «ጋሼን ጠይቀዋል?» አለችኝ። አልጠየቅኩም። «ይጻፍ ብያለሁ» አልኳት።

ጥር 14

ዛሬ ወደቅኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የምንጣፉ ጠርዝ ያዘኝ። ደግነቱ ጉልበቴን ላላ አድርጌ ነው የሄድኩት፣ እንደ ጆንያ ሳይሆን እንደ ሰው ነው ያረፍኩት። ዝግታ እንዳሳየችን ወደ ጎን ዞርኩ፣ በጉልበቴ ሆንኩ፣ ወንበር ያዝኩ፣ ተነሣሁ። ግራ ጉልበቴ ትንሽ ተልጧል። ማንም አላየኝም። ፋርማሲስቷ ሥራ ሄዳለች። ምንጣፉን ባነሳው ነገሩ አለቀ፣ ደቀቀ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብዙ ጊዜ አየሁት።

«ወደቅኩ» አልኳት።

ቢሮዋ ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል።

«መቼ?»

«አሁን። ተነስቻለሁ። ጉልበቴ ትንሽ ተልጧል፣ አጥቤዋለሁ። ሌላ ነገር የለም።»

«ልምጣ?»

«ለምኑ? ሥራሽን ሥሪ።»

«እሺ» አለች። ዘጋች።

እሺ? እንዲህ በአጭሩ? አንድም ጥያቄ ሳትጨምር? ጠረጠርኩ። ከአማቼ ጋር እየተነጋገረች ነው፣ ከሥራ አስፈቅዳ እየመጣች ነው፣ ሻንጣ እየገዛች ነው አልኩ። የቤት ልብሴን ቀየርኩ። ጸጉሬን አበጠርኩ። ወንበሬን ወደ በሩ አዙሬ ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና እላለሁ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቆመ፣ በር ከፈተ፣ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወረደች።

አልመጣችም። አመነችኝ።